ስልኩ ተየሙም ነው፤ ውኃው ሲገኝስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይስፈን።

ውድ ሙስሊም ወገኖች! እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲያስጨንቅ በብዙ አገሮች የሕፃናት ሕክምና ከክሊኒክ ወደ ስልክ ዞሮ ነበር። በእንግሊዝ የቤተሰብ ሐኪሞች ታማሚውን በቅድሚያ በስልክ እንዲያነጋግሩ በዚያው ዓመት መጋቢት ታዘዙ። በአገራችንም በ8335 እየደወለ ምክር የጠየቀው ብዙ ነበር። ወረርሽኙ አለፈ፤ «መደወል ከበቃ ልጅ ታቅፎ መሰለፍ ለምን?» የሚለው ልማድ ግን በአንዳንድ ቤቶች ቀርቷል። ይህን በሸሪዓ ሚዛን እንዴት እናየዋለን?

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ስፍራ ደርሰው ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ሶሓቦችን አማክረውም ተመለሱ። ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ የሚሸሹት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሆኑን አስረዱ። እንግዲያው በወረርሽኙ ወቅት ልጅን ከተጨናነቀ ክሊኒክ አርቆ በስልክ መጠየቅ ሰበብ ማድረስ እንጂ የተወኩል ጉድለት አልነበረም።

ነገር ግን ሩኽሳ ልክ አለው። ውኃ ያጣ ሰው በአፈር ተየሙም አድርጎ ይሰግዳል። ውኃ አግኝቶ፣ መጠቀምም እየቻለ «አፈሩ ይበቃኛል» ቢል የሚፈቅድለት ዓሊም የለም። በዑዝር የተፈቀደ ነገር ዑዝሩ ሲወገድ ፈቃዱም አብሮ ይወገዳል።

ስልክ ሕፃን አይመዝንም፤ ደረት አያዳምጥም፤ ክትባት አይወጋም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርም የሚሰጠውን ክትባት በድምፅ መቀበል አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳስታወቁት፣ በ2020 መደበኛ ክትባታቸው የተጓደለባቸው ሕፃናት 23 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ይህም ከቀደመው ዓመት በ3.7 ሚሊዮን ይበልጣል። በዚያ ጭንቅ መካከል እንኳ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የጨቅላዎች ምርመራና ክትባት በአካል እንዲቀጥል መክሮ ነበር።

በስልክ መጠየቅ ግድ ሲሆንም የሐኪሙ ዓይን የእናትየው አንደበት ነውና ሕመሙን ማሳነስ ወይም መደበቅ አማናን ማጓደል ነው። የሚያስል ልጅ ትንፋሹ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር፤ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክሊኒክ መሄድ ያሻዋል። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ደግሞ ስልኩ ይቆይ፤ ልጁ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይድረስ።

አባቶች ሆይ! ከሥራ ቦታ ሆኖ «ደውዪና ጠይቂ» ማለት ኃላፊነትን አያወርድም። ሁላችንም ጠባቂዎች ነን፤ ስለምንጠብቀውም እንጠየቃለን። የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣች ጎረቤት ካለችም፣ የምንከፍልላት ጥቂት ብር ለአንዲት ነፍስ መትረፍ ሰበብ ሊሆን ይችላል።

ከጤና ተቋም ለራቀ ወገናችን የስልኩ በር ክፍት ይሁን፤ እርሱ ውኃ ያጣ ነውና። ክሊኒኩ ከሰፈሩ ያለ የከተማ ሰው ግን ምን ዑዝር ያቀርባል?

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።