የተሰበረ ልብ ገሉ ለምን ይውላል?



በመርካቶ ያደግን ወጣቶች «ከመርካቶ የሚታጣ ነገር የለም» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እውነትም ነው። የመኪና መለዋወጫ የፈለገ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። ያለቀለት ጣሳና በርሜል ምን አለሽ ተራ ገብቶ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ያረጀ ጎማ እንኳ ጫማ ይሆናል። መለዋወጫው በየትኛውም ተራ የማይሸጥ አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም የሰው ልብ ነው። ሁለት ወጣቶች ተዋደው፣ ነገ ጎጆ እንቀልሳለን ብለው ተስፋ ካደረጉ በኋላ ሲለያዩ፣ ልብ ለምን እንዲህ ይሰበራል? መሰበሩስ ድካም ነውን? ከተሰበረ በኋላስ ምን እናድርገው? በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንወያይ የፈለግነው ስለዚህ ነው።

መሰበር ድካም ነውን?

ብዙዎቻችን የተሰበረ ልብን እንደ ነውር እንደብቀዋለን። ወንዶቹ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብለን አድገናል። እኅቶቻችን ያለቀሱ እንደሆነ ደግሞ የሰፈር ወሬ ይሆናሉ። ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን ያነበብን ግን አንድ ሰው እናስታውሳለን። የሳኦል ልጅ ሜልኮል አስቀድሞ የዳዊት ሚስት ነበረች፤ ኋላ አባቷ ፈልጢኤል ለሚባል ሰው ዳራት። ዳዊት ሚስቴ ትመለስልኝ ባለ ጊዜ ከቤቷ ተወሰደች። ፈልጢኤልም እያለቀሰ በመንገድ ተከተላት፤ የተመለሰው አበኔር ተመለስ ባለው ጊዜ ነው። መጽሐፉ ስለዚህ ሰው ሌላ ብዙ አይነግረንም። ነገር ግን የነገሥታትና የጦር አለቆች ታሪክ በሚተረክበት ገጽ ላይ የአንድ ተራ ባል ዕንባ ቦታ አገኘ፤ የተሣለቀበትም የለም።

ሐኪሞችም ነገሩን አላቃለሉትም። በ1990 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሐኪሞች ስለ አንድ የልብ ሕመም ጽፈው ነበር። ከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ የደረሰበት ሰው ደረቱን ይወጋዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሲመረመር ግን እንደ ሌላው ድንገተኛ የልብ ሕመም የደም ሥሩ ተዘግቶ አይገኝም፤ የልቡ ጡንቻ ለጊዜው ጉልበት አጥቶ፣ የታችኛው ጫፍ ተነፍቶ ይታያል። ቅርጹ የጃፓን አጥማጆች ስምንት እጅ ያለውን የባሕር እንስሳ የሚይዙበትን የሸክላ ማሰሮ ስለመሰላቸው ሕመሙን በማሰሮው ስም «ታኮትሱቦ» አሉት። ይበልጡን የሚይዘው በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ሲሆን፣ አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። እንግዲህ «ልቤ ተሰበረ» ማለት የዘፈን ቃል ብቻ አይደለም። ድንጋይ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ነገር ግን ውኃ አይቀዳበትም። ውኃ የሚይዘው እንስራ ነው፤ እንስራ ደግሞ ይሰበራል። ልባችን መሰበር የቻለው ሌላውን ሰው መያዝ ስለቻለ ነው።

ገሉ እጅ ሲቆርጥ

ሕመሙን አልመረጥነውም፤ ከሕመሙ በኋላ የምናደርገውን ግን እንመርጣለን። እዚህ ላይ ሰፈራችን ራሱ ፈተና ይሆንብናል። መርካቶ ውስጥ የተለያዩ ሁለት ወጣቶች በማግስቱም ይተያያሉ። ሱቃቸው ጎን ለጎን ነው፤ የሚሳፈሩት ከአንድ ቦታ ነው፤ በመዝሙርም ምናልባት አንድ ረድፍ ላይ ይቆማሉ። በቁስሉ ላይ የሰው ዓይን ይጨመርበታል። ያን ጊዜ ሐዘን ወደ ቂም ለመለወጥ ጥቂት ይበቃዋል።

ቂም የት እንደሚያደርስ አይተናል። በ1999 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ አንዲት ወጣት፣ ለዓመታት ሲከታተላት በነበረ ሰው እጅ ፊቷ ላይ አሲድ ተደፋባት፤ አገር ሁሉ ደነገጠ። ዛሬም አሲድ የማይደፋ እጅ በአደራ የተሰጠውን ፎቶግራፍ በስልክ ይበትናል፤ በፍቅር ጊዜ የተነገረን ምሥጢር አደባባይ ያወጣል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉ አባቶቻችን አልተሳሳቱም።

የዚህ ሁሉ ሥር ምንድን ነው? እንደሚመስለን ፍቅርን እንደ ዕቁብ መቁጠር ነው። ዕቁብ የጣለ ሰው ዕጣው ሲወጣ ገንዘቡን የመቀበል መብት አለው፤ ካልሰጡት ይከሳል፣ ያስከፍላል። እኛም «ይህን ያህል ዓመት ጠብቄያት፣ ይህን ያህል አውጥቼላት» ወይም «ለእርሱ ስል ስንቱን ትቼ» እያልን ሒሳብ እንይዛለን። ፍቅር ግን ዕቁብ አይደለም። የሰጠነው በነጻ ካልሆነ ቀድሞውንም ስጦታ አልነበረም። ሌላው ሰው «እሺ» ሲለን ደስ ያለን እምቢ ማለት እየቻለ እሺ ስላለን አይደለምን? እምቢ የማለት ነጻነቱን የነጠቅነው ዕለት እሺታውም ዋጋ ያጣል።

ይህ ማለት ግን የሚሄደው ሰው ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም። ፍቅሩን ለመቀጠል ባይገደድም፣ እውነቱን ራሱ ቀርቦ መናገር አለበት። ሳይናገሩ ስልክ ዘግቶ መጥፋት፣ ወይም በጓደኛ በኩል «በቃ በላት» ብሎ መላክ ልብን ሁለት ጊዜ መስበር ነው። የተሰጠውን ምሥጢር መጠበቅም ከመለያየት በኋላ የሚቀር አደራ ነው።

የጓደኛ ድርሻ

ጓደኞችስ? እኛ ቶሎ ማጽናናት እንወዳለን። «እርሷ ብትሄድ ሌላ ሞልቷል»፣ «እንኳን ተገላገልሽ» እንላለን። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው። አብሮ ሱቅ መዝጋት፣ አብሮ ወደ ቤት መሄድ፣ ምሳ በልቶ እንደሆነ መጠየቅ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ዝም አይባልበትም። የተሰበረው ወንድማችን ወይም እኅታችን እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ይልቁንም «መኖር አልፈልግም» ካለ፣ ብቻውን አንተወው፤ ለቤተሰቡ እንንገር፣ ወደ ሐኪምም እንውሰደው። የአማኑኤል ሆስፒታል ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። ስሙን ለስድብ መጠቀማችንን ትተን ለመድኃኒት ብንሄድበት ስንት ነፍስ ይተርፍ ነበር!

ማጠቃለያ

እናቶቻችን እንስራ ሲሰበር ገሉን ሁሉ አይጥሉትም። ደህናውን ገል መርጠው ከጎረቤት ፍም ይጭሩበታል፤ ዕጣን ያጨሱበታል። ገሉ ተመልሶ እንስራ አይሆንም፤ ውኃም አይቀዳበትም። እሳት ይዞ ከቤት ወደ ቤት መሄድ ግን ይችላል።

የእኛም ልብ እንዲሁ ነው። ጊዜ ሁሉን ያስረሳል ብለን አንዋሽም፤ ከጠባሳው ጋር የሚኖር ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተሰበረ ሰው የሌላውን ስብራት ከሩቅ ያውቃል፤ ሌላው ሲወድቅም አስቀድሞ የሚደርስ እርሱ ነው። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ገላችንን ለመቁረጫ አናውለው። ፍም ይዘንበት ብርድ ወዳለበት ቤት እንሂድ።