አርባው ጉልበት የት ገባ?

ልጄ፣ «ጋሼ፣ የጀልባው ሞተር አርጅቷል፤ በባለ 60 የፈረስ ጉልበት ልቀይረው ነው» ስትለኝ ዝም ያልኩህ ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ገንዘቡ የራስህ ነው። ነገር ግን አዲስ ሞተር በዛሬ ዋጋ ምን ያህል ልፋት እንደሚበላ አውቃለሁና ከመክፈልህ በፊት ይህን ረጋ ብለህ አንብበው። በእኔ እምነት ሞተርህ አልደከመም። ጉልበቱ ሥራ ላይ ሳይውል የሚባክንበት ቦታ አለ፤ ያንን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ከአንተ አቅም በላይ አይደለም።

በመጀመሪያ ያለንበትን ከፍታ አትርሳ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። ሞተሩ ላይ 40 የሚለው ቁጥር የተጻፈው ግን በባሕር ጠረፍ አየር ታስቦ ነው። እዚህ አየሩ ከዚያኛው ከመቶ 16 ያህል የሳሳ ነው። በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር የሚስበው አየር ባነሰ ቁጥር ጉልበቱም አብሮ ያንሳል፤ 40 የተባለው እኛ ዘንድ 33 ገደማ ቢሰጥህ ጤነኛ ነው። ትናንት ከካርቶኑ የወጣ ቢሆንም ያው ነው፤ ልትገዛው ያሰብከው 60ም ወደ 50 ይወርዳል። የጎደለውን ሰባት ጉልበት በብልሃት የሚመልስ መካኒክ የለም፤ እመልሳለሁ የሚልህ ካለ ገንዘብህን ያዝ። እኛ የምንፈልገው ከቀሩት 33 ውስጥ የሚባክነውን ነው።

አየሩ ቢሳሳም ውሃው አይሳሳም። የብዙ አሮጌ ጀልባዎቻችን ችግር እዚህ ላይ ነው። ፕሮፔለሩ ሙሉ 40 ጉልበት አለ ተብሎ የተመረጠ ሆኖ ሳለ ያንኑ ውሃ በ33 እንዲገፋ ይጠየቃል። ፕሮፔለርህን ፈትተህ እምብርቱን በጨርቅ ጥረገው፤ ሁለት ቁጥሮች ታገኛለህ፤ ለምሳሌ 11 በ13። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ በኢንች። ሁለተኛው፣ ፒች የሚሉት፣ ፕሮፔለሩ ሳይንሸራተት አንድ ጊዜ ቢዞር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ፒቹ ትልቅ ሲሆን በእያንዳንዱ ዙር ብዙ ውሃ መግፋት አለበት፤ ጉልበት ያነሰው ሞተር ይህን ስለማይችል ዙሩ ይታፈናል። የዓባይን በረሃ ሽቅብ በአምስተኛ ማርሽ እንደ መውጣት ቁጠረው፤ ነዳጁን ብትረግጠውም መኪናው ያቃስታል እንጂ አይፈጥንም።

መታፈኑን ግን በጆሮ ብቻ አትፍረድ። ሽቦው በካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ የዙር መቁጠሪያ አለ፤ ዋጋው ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ማልደህ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ የዘወትር ጭነትህን ይዘህ ውጣ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ክፈትና ስንት እንደሚዞር ጻፍ። ፍጥነቱን በስልክህ ጂፒኤስ ያዝ፤ በዚያው መስመር ሄደህም ተመልሰህም ለካ፣ ነፋስና ማዕበል እንዳያታልሉህ። ለቆዩ ባለ ሁለት ስትሮክ 40ዎች በሙሉ ነዳጅ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር በደቂቃ የሚል ወሰን የተለመደ ነው፤ የአንተን ከመመሪያ መጽሐፉ አረጋግጥ። 4,100 ላይ ከቆመብህ ፕሮፔለሩ ከብዶታል ማለት ነው። ፒቹን በአንድ ኢንች መቀነስ 200 ያህል ዙር ይጨምራል። ከ13 ወደ 11 ብትወርድ የወሰኑ ታችኛው ጫፍ ላይ ትደርሳለህ፤ ለዘወትር ጭነት ጀልባ እኔ ወደ 10 መውረዱን እመርጣለሁ።

አሁን ባዶ ጀልባህን ስትሞክር ፍጥነቱ ትንሽ ቀንሶ ብታገኘው አትደንግጥ። እንጀራህ ባዶ ጀልባ አይደለም። ሰው ጭነህ ወደ ዘጌ ስትሄድ፣ ከዚያም ርቀህ ወደ ደቅ ስትጓዝ፣ አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ኋላውን በውሃው ይጎትት የነበረው ጀልባ በአነስተኛው ፒች ብድግ ብሎ በውሃው ላይ መንሸራተት ሲጀምር ታየዋለህ። ያን ጊዜ ነዳጅም ይተርፍሃል፤ ምክንያቱም ጀልባው ከፊቱ የሚከምረውን የውሃ ጉብታ ሙሉ ቀን ሲገፋ መዋሉ ይቀራል። ባዶ ስትመለስ ዙሩ ከላይኛው ወሰን እንዳያልፍ እጅህን ቀለል አድርግ። ሰዎች የሚፈሩት ከመጠን በላይ መዞርን ብቻ ነው፤ በሙሉ ነዳጅ ታፍኖ ሲሠራ የሚውል ሞተርም ይቃጠላል፤ ፋሻው በካርቦን ይጣበቃል፣ ሙቀቱም ፒስቶኑን ይበላዋል። ደካማ የተባሉ ብዙ ሞተሮችን የገደላቸው ይህ እንደሆነ አምናለሁ።

ድንጋይ የነካው ፕሮፔለር በመዶሻ ተቃንቶ ሲመለስ ደህና ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ክንፍ ከሌላው በትንሹ ከተለየ ንዝረቱ ኩሽኔታውን ያደክማል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ሞተሩ ጮኾ ጀልባው የማይሄድበት ጊዜ ካለ ደግሞ በእምብርቱ ውስጥ ያለው ጎማ ለቆ ይሆናል። በእምብርቱና በዘንጉ ላይ አንድ መስመር በቀለም አስምርና ከሥራ በኋላ ተመልከት፤ መስመሩ ከተለያየ ምክንያቱን አገኘኸው።

ስለ ካርቡሬተር አጥብቄ የምነግርህ አለኝ። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዛ ማለት ነው፤ ካንዴላው የሚጠቁረው፣ ጭሱም የሚበዛው ለዚህ ነው። አምራቾች ለከፍታ ቦታ የሚሆን ቀዳዳው የጠበበ ጂግለር ያዘጋጃሉ። እሱን ግዛ እንጂ የነበረውን ቀዳዳ በሽቦ ወይም በብየዳ የሚያጠብብልህን አትፍቀድ። ለጣና የተስተካከለ ሞተርም ለጣና ብቻ ነው። ነገ አንድ ሰው በደህና ዋጋ ከአንተ ገዝቶ ወደ ጫሞ ቢወስደው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ወደ ጋምቤላ ባሮ ቢወስደው ደግሞ ወደ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው የሚወርደው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ሆኖ ነዳጁ ያንሰዋል፣ ዘይቱም ከነዳጁ ጋር ስለሚመጣ ያንሰዋል፣ ፒስቶኑም ይቀልጣል። የድሮውን ጂግለር በጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጥና ለገዢው አብረህ ስጠው።

ዘይቱን ተመልከት። ለባጃጅ የሚሸጠው ባለ ሁለት ስትሮክ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው፤ በውሃ በሚቀዘቅዘው የጀልባ ሞተር ውስጥ አመድ ይተዋል። ጣሳው ላይ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ካላየህ አትግዛው፤ በርካሽ ዘይት የሚተርፈው ገንዘብ የፋሻ ዋጋ አይሆንም። መጠኑ በመጽሐፉ 50 ለ1 ከሆነ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ነው፤ በመለኪያ እንጂ በግምት አይሁን።

ከጎኑ የሚተፋው ውሃ ከሳሳ ሥራውን አቁም። ጉማራና ርብ በክረምት የሚያመጡት ደለል ቀላል አይደለም፤ የውሃ ፓምፑን ጎማ እየበላ፣ ጠባቡን መተላለፊያ ይደፍናል። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ለስህተት የሚተርፍ ቦታ ጥቂት ነው። ጎማውን በየዓመቱ ቀይረው። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ እየሠራ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ካርቦንም ያከማቻል። እንቦጭ ውስጥ ካለፍክ ዳር ስትደርስ የውሃ መግቢያውን ጥረግ። የዓሣ መረብ ክር በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ከቀረ ደግሞ የዘንጉን ጎሚኒ ቆርጦ ውሃ ወደ ማርሹ ያስገባል፤ የማርሽ ዘይቱ ነጭ ወተት መስሎ ከወጣ ዛሬውኑ ይጠገን።

ጀልባው ራሱስ? ከወለሉ ሥር ያለው ፎም ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ ክፈትና ጨብጠው። እያንዳንዱ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለት መቶ ሊትር የጠጣ ፎም ማለት ከፍለው የማያውቁ ሦስት ተሳፋሪዎች ማለት ነው። የሥሩን አረንጓዴ ፋቀው። ከኋላ የተደረደሩትን ጀሪካኖች ወደ መሀል አምጣ። ሞተር ከመግዛትህ በፊት ይህ ብቻ ምን እንደሚያደርግ በዙር መቁጠሪያህ እየው።

የሞተሩ ከፍታም አለ። አጭር እግር ያለው ሞተር ከሥሩ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ የኋላ ሳንቃ፣ ረጅሙ 51 ለሚደርስ ነው። እዚህ ጀልባው በአናጢ ልክ ተሠርቶ ሞተሩ በኋላ ስለሚገዛ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ጀልባው ደረቅ ላይ ሲሆን ቀጥ ያለ እንጨት ከሆዱ ሥር አስደግፈህ ወደ ኋላ አስረዝመው፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከእንጨቱ ጋር እኩል፣ ወይም ሁለት ሴንቲ ያህል ከፍ ያለ መሆን አለበት። ብዙ ዝቅ ካለ እግሩ ውሃ ሲጎትት ይውላል። በሳንቃው ላይ ስስ እንጨት እየጨመርክ ከፍ አድርገው፤ ስትታጠፍ ፕሮፔለሩ አየር ይዞ መጮህ ከጀመረ ወይም የሚተፋው ውሃ ከቀነሰ አንድ እርምጃ ተመለስ። ያንን ስትሠራ ሳንቃውንም በቢላ ጫፍ ወጋ አድርገው። የበሰበሰ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተህ እሱን አስቀይር፤ ሞተሩን በሐይቁ መሀል የሚያስጥልህ እሱ ነው። ለከባድ 60 ሞተርማ ጭራሽ አይታሰብም።

ይህን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት ግን ኮምፕሬሽን አስለካ። ሞተሩ ሞቅ ይበል፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ ነዳጁ ሙሉ ይከፈት። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 10 ካልበለጠ ሞተርህ ጤነኛ ነው፤ ፕሮፔለር ግዛለት። አንዱ በጣም ወርዶ ከተገኘ ቴስታታው ተነሥቶ ሲሊንደሩ ይታይ፤ ፋሻ ብቻ ከሆነ ይጠገናል፤ ግድግዳው ከተቧጨረ ሒሳቡን አምጣልኝና አብረን እንሥራው፤ ያን ጊዜ አዲስ ሞተር ቢገዛም አልከፋም፣ 40 እንጂ 60 አይሁን። አዲሱ ፕሮፔለር ሲገጠም የድሮውን አትሽጠው። ከዳዶውና ዳዶውን ከሚቆልፈው ፒን፣ ከቁልፍ፣ ከፒንሳ፣ ከሁለት ካንዴላ ጋር በሳጥን አድርገህ ከመቀመጫህ ሥር አስቀምጠው፤ ደቅ ላይ የሚሸጥልህ የለም።