ቤት ሲፈርስ ጉርብትና ወዴት ይሄዳል?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ አበው። ይህ ብሂል በአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች የዕለት ተዕለት ኑሮ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆኑ በኋላ፣ ብዙ ድኾች በጥቂት ብር የቀበሌ ቤት ተከራይተው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው፣ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት ተጋርተው ኖሩ። ጉልት የምትነግድ እናት ልጇን ለጎረቤት ትታ ትወጣለች፤ ሐዘን በደረሰበት ደጅ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል።

ይሁንና ድህነትን ማስዋብ አይገባንም። በሚያፈስ ጣሪያ ሥር መኖር ጸጋ አይደለም፤ ንጹሕ ቤት የሚመኝ ሰውም አልተሳሳተም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ምትክ ቤት ከተሰጠው፣ የሚገባው ሁሉ ተሰጥቶታል ማለት ይቻላልን?

አይመስለንም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ፣ ለብዙ ዓመታት አብረው የኖሩ ሰዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበተኑ። ቤት በካሬ ሜትር ይለካል። የአሮጊቷ በር ሳይከፈት መርፈዱን አይቶ የሚያንኳኳ ጎረቤት ግን በምን ይለካል? ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ በ2007 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ድኾች ከመኖሪያቸው መነሣታቸው ግድ ቢሆን አስቀድሞ በቂ መረጃና የደኅና ቤት አማራጭ እንዲያገኙ፣ በጉዳዩም እንዲሳተፉ ያሳስባሉ። የሚነሣው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ማኅበር ነውና፣ በተቻለ መጠን ጎረቤታሞችን አንድ ላይ ማስፈር የፍትሕ ግዴታ ነው እንላለን።

«ያ ጉርብትና ችግር የወለደው እንጂ ፍቅር አልነበረም» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ብዙውን ጊዜ አንዱን ከሌላው ያገናኘው የጋራ ቧንቧ ነው። ነገር ግን በችግር የተጀመረው በፍቅር ጸንቷል። ዛሬ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ እያንዳንዱ የራሱ ቧንቧና የራሱ የብረት በር አለው። ስለዚህ ትናንት ችግር ያስገደደንን፣ ዛሬ በፈቃዳችን ልንመርጠው ይገባል። ደጉ ሳምራዊም የቆሰለው ሰው የሰፈር ሰው አልነበረም፤ ባልንጀራ የሆነው በምሕረቱ ነው።

እንግዲህ ውድ ምእመናን፣ በተለይም እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ወደ ቁምስናችን አዲስ የመጡትን ቤተሰቦች ቀድመን እንጎብኝ፤ ዕድር ለሌላቸው ዕድር እናስገኝላቸው። የአሮጌው ሰፈር ትዝታ ብቻውን ጎረቤት አያደርገንም። ዛሬ ማታ በደረጃው ላይ የምናገኘውን ሰው ስሙን እንጠይቀው።