ከሰውየው የተረፈው ፎርማ

አልቪን ጁዌል የሞተው ሥራው ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን ወጣ ብላ በምትገኘው ዋልታም፣ ከመዳብ የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ የሚሠራበት ወርክሾፕ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1867 ጠቋሚ ሊሰቅል ወጥቶ ወደቀ፤ አልተረፈም። የራሱ ትንሽ ወርክሾፕ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ነፍስ ይማር ይላል፤ ወዲያው ግን የተቀበለውን ትእዛዝ ማን ይጨርስለታል ብሎ ይጨነቃል።

የእጅ ባለሙያ ሲሞት ወርክሾፑ ውስጥ ከመዶሻና ከጉጠት በቀር የሚሸጥ ነገር የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሙያው እጁ ላይ ስለነበር አብሮት ይቀበራል። የጁዌል ወርክሾፕ ግን በዚያው ዓመት ገዢ አገኘ፤ ሊዮናርድ ኩሺንግና ስቲልማን ዋይት የሚባሉ ሁለት ሰዎች ተሻርከው ወሰዱት። ምን አይተው? ፎርማውን ነዋ!

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ቅርጽ አውጪ ፈረሱን ወይም አውራ ዶሮውን ከእንጨት ይቀርጻል። በእንጨቱ ልክ የብረት ፎርማ ይፈሰሳል፤ ግራና ቀኙ ለየብቻ፣ ውስጡ ጎድጓዳ ሆኖ። ከዚያ ስስ የመዳብ ላሜራ ጎድጓዳው ላይ ተደርጎ የጡንቻውን፣ የጋማውን፣ የላባውን መስመር እስኪይዝ ድረስ በመዶሻ ይመታል። ሁለቱ ግማሾች በብየዳ ይጋጠማሉ፤ ላያቸው በስስ ወርቅ ይለበጣል። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ጣሪያ አያስጨንቅም። ፎርማው እስካለ ድረስ ደህና መዶሻ የያዘ ሠራተኛ ያንኑ ፈረስ ደጋግሞ ያወጣዋል።

ከባዱ ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጠቋሚ ቆንጆ ስለሆነ ብቻ አይዞርም። ዘንጉ የሚገባበት ቦታ ላይ የፊቱና የኋላው ክብደት እኩል መሆን አለበት፤ ነፋስ የሚያገኘው ገጽ ግን ከኋላ በኩል መስፋት አለበት። እንዲህ ሲሆን ነፋሱ ጅራቱን ይገፋና ራሱን ወደ መጣበት ያዞረዋል። ሁለቱን ማስታረቅ ነው እንግዲህ ፈተናው። በዚያ ዘመን የፈረሱን ራስ ከዚንክ የሚያወጡ ሠሪዎች ነበሩ፤ ዝርዝሩም ይጠራል፣ ፊቱም ክብደት ያገኛል። ይህን ሚዛን በየትእዛዙ እንደ አዲስ ከመፈለግ አንዴ አግኝቶ ፎርማው ላይ ማስቀረት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያተርፍ የሞከረው ያውቀዋል።

ከጁዌል ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ሼም ድራውን የተባለ የቦስተን መዳብ ሠሪ በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። በ1742 በከተማው ላለው ለፋኒል አዳራሽ በወርቅ የተለበጠ፣ ዓይኑ ከመስታወት የሆነ የፌንጣ ቅርጽ ያለው ጠቋሚ ሠራ። አንድ ብቻ። በ1755 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲጥለው መልሶ የሚያወጣው ፎርማ አልነበረም፤ የጠገነው ልጁ ቶማስ ነው። ቶማስ በ1768 ስለ ፌንጣው መከራ የሚናገር ወረቀት ጽፎ ሆዱ ውስጥ ከትቶለታል። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ለአንድ ከተማ አንድ ፌንጣ በቂ ነው። ደመወዝ የሚጠብቅ ሠራተኛ ያለው ሰው ግን እንደ ቶማስ ያለ ልጅ ይወለድልኛል ብሎ ሒሳብ አይሠራም።

ኩሺንግና ዋይት በተገዛው ፎርማ ብቻ ተኝተው አልበሉም። ሄንሪ ሊች የተባለ ቅርጽ አውጪ አዳዲስ የእንጨት ቅርጾች እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ ቀረጻው የእነሱ ሙያ እንዳልሆነ ማወቃቸው በእኔ ግምት ግማሹ ብልኃታቸው ነው። ሰው በወሬ የሚያውቃቸውን የሩጫ ፈረሶች፣ እንደ ዴክስተርና ኢታን አለን ያሉትን፣ ጣሪያ ላይ አወጡለት። የሸቀጥ መዘርዝር አሳተሙ፤ ገበሬው ሩቅ ሆኖ ሥዕሉን አይቶ ያዛል። ዋይት በ1872 ሲወጣ ኩሺንግ ሥራውን ቀጠለ፤ በኋላ የወርክሾፑ ስም ላይ «እና ልጆቹ» የሚለው ገባ።

ፎርማ ግን ለማንም ይታዘዛል። ከወርክሾፑ መዘጋት በኋላ የኩሺንግ ፎርማዎች እጅ ቀይረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አዳዲስ ቅጂዎች ተመቱባቸው። ዛሬ ለአሮጌው ብዙ ገንዘብ የሚከፍል ሰብሳቢ የፈረሱን ቅርጽ አይቶ አያምንም፤ ቅርጹ ያው ነውና። የሚመረምረው ዘንጉ እየዞረ የበላውን ቦታ፣ የብየዳውን መስመር፣ የወርቁን አለቃቀቅ ነው። አንዳንዴም ጎኑ ላይ የጥይት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የዚያ አገር ሰው ጣሪያ ላይ የቆመ ፈረስ ሲያይ ዒላማ መለማመድ ያምረው ነበር።