ደመወዝ ምጽዋት አይደለም



ስለ ወይን አትክልት ሠራተኞች የተነገረውን የጌታችንን ምሳሌ (ማቴ. 20፡1-16) ሁላችንም እናውቀዋለን። የአትክልቱ ባለቤት ሠራተኛ ሊቀጥር ማለዳ ወጣ፤ በሦስት፣ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓትም ወጣ። ሰዓቱ እንደ እኛው አቆጣጠር ስለ ሆነ ማብራሪያ አያስፈልገንም፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ማለት ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ነው። በዚያን ሰዓት እንኳ የሚቀጥራቸው አጥተው በገበያ የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ምሳሌው የእግዚአብሔርን ቸርነት እንደሚያስተምር አባቶች ነግረውናል፤ እኛም ከዚህ ትምህርት አንወጣም። ሆኖም በገበያው የቆመው ሰው እራት የሚጠብቁት ልጆች እንዳሉት ዘንግተን እንዳናልፍ እንሰጋለን። ስለዚህ ይህንኑ ሰው በሌላ ዘመንና በሌላ አገር፣ በለንደን ወደብ በር ላይ ቆሞ እንመልከተው።

በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ ፋብሪካዎች ከሌላው ዓለም አስቀድመው የተስፋፉት በእንግሊዝ አገር ነው። ከገጠር የፈለሰው ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተሞቹን ሞላ፤ የጨርቅ ፋብሪካው፣ የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድና ወደቡም ዋጠው። እ.ኤ.አ. በ1833 የወጣው ሕግ ዕድሜያቸው ከ9 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይቀጠሩ ከለከለ። የ1842ቱ ሕግ ደግሞ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከምድር በታች በማዕድን ጉድጓድ እንዳይሠሩ አገደ። ሕጎቹ የከለከሉትን ስናነብ፣ ከዚያ በፊት ይደረግ የነበረውን እንረዳለን። ለእነዚህ ሕጎች በፓርላማ ብዙ የደከመው፣ በኋላ ሎርድ ሻፍትስበሪ የተባለው ሰው፣ አንግሊካን ነበር። መልካም የሠራውን ሰው፣ የእኛ ወገን ባይሆንም፣ በስሙ ማመስገን ይገባናል።

በለንደን ወደቦች የጫኝና አውራጅ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሰዓት ነበር። ማለዳ ብዙ ሰዎች በየበሩ ይሰበሰባሉ፤ ካቦው ጥቂቶቹን ይመርጣል፤ ሌሎቹ ዓይኑ እንዲያርፍባቸው ይጋፋሉ፣ አንዳንዴም ይረጋገጣሉ። ክፍያው በሰዓት 5 ፔንስ ነበር። ለሁለት ሰዓት ተፈልጎ የተሰናበተ አባወራ 10 ፔንስ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 1889 ሠራተኞቹ በቤን ቲሌት፣ በቶም ማንና በጆን በርንስ መሪነት ሥራ አቆሙ። የጠየቁት ብዙ አልነበረም፤ በሰዓት 6 ፔንስ፣ ለትርፍ ሰዓት 8 ፔንስ፣ የተቀጠረ ሰውም ቢያንስ የ4 ሰዓት ሥራ እንዲሰጠው ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ይመስለናል። 4 ሰዓት በ6 ፔንስ ሲባዛ 24 ፔንስ ይሆናል፤ አባት ከቤቱ ሲወጣ ከተቀጠረ ቢያንስ ምን ይዞ እንደሚመለስ ያውቃል።

አድማው ከአንድ ወር በላይ ቆየ፤ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራተኛም ተሳተፈበት። ረኀቡ ሊያሸንፋቸው በተቃረበ ጊዜ ከአውስትራሊያ ከ30,000 ፓውንድ በላይ እርዳታ ደረሰላቸው። በዓለም ሌላ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች፣ ፊታቸውን አይተውት ለማያውቁት ጫኝና አውራጅ ከኪሳቸው አዋጡ።

በዚህ ጊዜ ነበር የዌስትሚንስተር ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ ካርዲናል ሄንሪ ኤድዋርድ ማኒንግ ወደ ሽምግልና የገቡት። ዕድሜያቸው 81 ዓመት ነበር። አባታቸው ከምዕራብ ኢንዲስ ደሴቶች ጋር የሚነግዱ ባለጸጋና የእንግሊዝ ባንክ ገዥ የነበሩ፣ ኋላም የከሰሩ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ የባለሀብቱ ቋንቋ ለካርዲናሉ እንግዳ አልነበረም። ወደ ወደብ ኩባንያዎቹ ሹማምንት ሄደው ተማጸኑ፤ በቀዝቃዛ ፊት ተቀበሏቸው። ከለንደን ከንቲባና ከሌሎች ጋር ሆነው ግን ሽምግልናውን ቀጠሉ። ኩባንያዎቹ በመጨረሻ 6 ፔንሱን ለመክፈል ተስማሙ፤ የሚጀምርበት ቀን ግን አከራከረ። መስከረም 10 ቀን ካርዲናሉ በፖፕላር ሠፈር በሚገኝ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ከአድማው መሪዎች ጋር ተቀመጡ፤ አዲሱ ክፍያ ከኅዳር 4 ጀምሮ እንዲጸና እንዲቀበሉ ለረጅም ሰዓት ለመኗቸው። ተቀበሉም። ስምምነቱ መስከረም 14 ተፈረመ፤ መስከረም 16 ሥራ ተጀመረ።

በወደቡ ከሚሠሩት መካከል ብዙ የአየርላንድ ካቶሊኮች ቢኖሩም፣ ዋና ዋናዎቹ መሪዎች ካቶሊኮች አልነበሩም። ታዲያ ሽማግሌውን ለምን ሰሙ? እንዲህ ያለ አመኔታ በአንድ ቀን አይገኝም። ካርዲናሉ በ1872 ለእርሻ ሠራተኞች ድጋፍ በተደረገ ታላቅ ስብሰባ ቆመው ተናግረዋል፤ በ1874ም በሊድስ ከተማ ስለ ሥራ ክብርና ስለ ሠራተኛ መብት ንግግር አድርገዋል። ከአድማው 17 ዓመት በፊት ከድኻ ጎን ቆመው ስለ ታዩ፣ በአድማው ቀን ትዕግሥት ሲለምኑ የባለጸጋ ተላላኪ ናቸው ብሎ የናቃቸው አልነበረም። ማንም ሽማግሌ አስቀድሞ ካልተከበረ ቃሉ እንደማይሰማ በየመንደራችን የምናውቀው ነው።

ከአድማው ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ግንቦት 15 ቀን 1891፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ «ሬሩም ኖቫሩም» የተሰኘውን ሐዋርያዊ መልእክት አወጡ። መልእክቱ የግል ንብረት መብትን አጸና፤ ያንን ሊሽር የተነሣውን ሶሻሊዝምንም ተቃወመ። የዚያን ትምህርት ፍሬ ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም. በአገራችን ያየን ሰዎች በዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ አንፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን የመልእክቱ ሌላው ክፍል ነው። ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት አላቸው ይላል። ደመወዝን በተመለከተም፣ ሠራተኛው ሌላ መውጫ አጥቶ የተስማማበት ክፍያ፣ ተስማምቷልና ብቻ ፍትሐዊ እንደማይሆን ያስተምራል፤ ከስምምነቱ በላይ ሰው በልቶ እንዲያድር የሚጠይቅ የተፈጥሮ ፍትሕ አለና። በ2025 የተመረጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛም ይህን ስም ሲመርጡ፣ ሊዮን 13ኛ በኢንዱስትሪው ዘመን ያደረጉትን በማሰብ፣ ዛሬም ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሥራ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በመመልከት እንደ ሆነ ተናግረዋል።

ምጽዋት ሰጪው የራሱ ከሆነው የሚያካፍለው ነው። ደመወዝ ግን ቀድሞውኑ የሠራተኛው ነው፤ ቅዱስ ያዕቆብ (5፡4) የተቀማው ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ የጻፈውም ስለዚህ ነው። ከደመወዝ ቀንሶ በበዓል ቀን ልብስ የሚሰጥ ሰው ቸር ሊባል አይገባውም።

ይህን ስናነብ ፋብሪካ የለንም፣ ወደብም የለንም እንል ይሆናል። ነገር ግን ከእኛ መካከል በቤቱ ሠራተኛ የቀጠረ ጥቂት አይደለም። ከገጠር የመጣች ልጅ መሄጃ ስለሌላት የተባለችውን ተቀብላ ስትገባ፣ የተስማማችው ከረኀብ ጋር ነው ወይስ ከእኛ ጋር? ወሯ የሚቆጠርበት ቀን፣ የምታርፍበት ሰንበት፣ ወደ ቅዳሴና ወደ ትምህርት የምትሄድበት ሰዓት ተነግሯታልን? መምህራን ሆይ፣ በየቁምስናችሁ የወይን አትክልቱን ምሳሌ ስታስተምሩ እነዚህን ጥያቄዎች ለአባወራዎችና ለእማወራዎች እንድታቀርቡላቸው እንለምናለን፤ ከተቻለም እነዚያ ልጆች ራሳቸው በተገኙበት ይሁን።