ጦርነትን በሰሌዳ ስለ መጫወት

በጅቡቲ ከተማ ወደብ ፊት ቆሞ፣ የጦር ስልት ጨዋታ ለየትኛው የታሪክ ዘመን እንደሚስማማ የሚያሰላስል ሰው፣ ጥያቄው የመዝናኛ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም መሆኑን ይረዳል። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ፣ ወረራ በተባለው መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ፣ ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም ንጉሡ ራሱ በጦር ሜዳ የሚቆምበትን፣ የመሪው ብልሃትና ድፍረት በዓይን የሚታይበትን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የታየውን የመሰለ ዘመን በእውነት ይመስላል። እኔም ለሰሌዳ የሚገባው ይህ ዘመን ነው እላለሁ።

ነገር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ የጅቡቲ ገዢዎች ቪሺ ለተባለው የፈረንሳይ መንግሥት ታምነው ሳለ፣ እንግሊዞች ቅኝ ግዛቲቱን በባሕርም በየብስም ከበዋት፣ እስከ 1942 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ሕዝቡን ረኀብ አስጨነቀው፤ በሰሌዳ ላይ ግን የሚራብ ጠጠር የለም። በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰው ወደ ቍጥር ለውጦ፣ በረኀቡ ነጥብ ማግኘት ከጨዋታ ወሰን የወጣ ነው። የዐድዋ ሙታንም ሰዎች ነበሩ ቢባል፣ እውነት ነው፤ ሆኖም በዚያ ሜዳ የወደቀው ተዋጊ መሣሪያውን አንሥቶ የተሰለፈ ሲሆን፣ በጅቡቲ የተራቡት እናቶችና ሕፃናት ግን ከማንም ጋር አልተሰለፉም።