ስም ከመቃብር በላይ ይውላል

ልጄ፣ በአያትሽ ተዝካር ላይ ምን ልናገር ብለሽ ከእስራኤል ድረስ ጠይቀሽኛል። አላህ ይዘንላቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የሚያውለው ግን ተናጋሪ ነው።

«ደግ ነበሩ» ብለሽ ብቻ አትቀመጪ። ደግ ያልተባለ ሟች የለም። ከምን ላይ ቆርሰው እንደሰጡ ተናገሪ። የአያትሽ ወገኖች፣ ቤተ እስራኤሎች፣ ርስት አልነበራቸውም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ርስታቸውን እንደነጠቁ ይተረካል፤ ከዚያ ወዲህ የሰው መሬት በሲሶና በእርቦ እያረሱ፣ ወንዱ ብረት እየቀጠቀጠና እየሸመነ፣ ሴቷ ሸክላ እየሠራች ኖሩ። ለዚያ ሁሉ ድካም የተመለሰላቸው «ቡዳ» መባል ነው። በእኛም አገር በከላላ ምጣዱ ሲወደድ ሠሪዋ ስትፈራ ኖራለች። ይህን ትተሽ ደግነታቸውን ብታወሪ ግማሹን አስቀርተሽዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

እኔ አያትሽን ያወቅኋቸው ጎንደር ሳስተምር ነው፣ ወለቃ መንደር። ሸክላ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አፈሩን ወቅጠው፣ ነፍተው፣ በውሃ ያሹታል። ጭቃውን በመዳፋቸው እያድቦለቦሉ ዙሪያውን ይደራርቡታል፤ ፊቱን በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል። ጥላ ውስጥ በደንብ ሳይደርቅ እሳት አያስነኩትም። በኩበትና በእንጨት ተቃጥሎ ሲወጣ ጠርዙ የተሸረፈውን ለቤታቸው ያስቀሩና ደህናውን ጀበና አዲስ ጎጆ ለወጣች ጎረቤት ይሰጣሉ፣ ያለ ዋጋ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚባለው እሳቸው ላይ እውነት ነበር፤ እሳቸው ግን ወደውና ፈቅደው ነበር።

ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሰንበቱ ዳቦ ይጋገራል፣ ወጡም ይሠራል፣ እሳቱ ይጠፋል። ቅዳሜ ቡና የለም። እሑድ ብቅ ስል «ትናንት ያጎደልኩብህ ነው» ብለው አቦሉን ከሁሉ አስቀድመው ለእኔ ይቀዱልኛል።

ሥጋ ግን አንድ ቀን አብረን አልበላንም። እኔ የእሳቸውን አልቀምስ፣ እሳቸውም የእኔን። ለእንግዳ የተለየ ስኒ ነበራቸው፤ ከሌላ ሰው ጋር ሲነካኩ ይታጠቡም ነበር። ይህን ስትሰሚ አትሸማቀቂ፣ የቤተሰቡ ልጆችም ሲጠይቁሽ አትደብቂያቸው። ከላላ ላይ ክርስቲያኑ ሰርግ ሲደግስ ለእስላሙ እንግዳ የሚያርድ እስላም ይጠራል፤ እስላሙም ሲደግስ እንዲሁ። ማንም ተከፍቶ አይሄድም። አያትሽም ሕጋቸውን ሳይጥሉ፣ እኔ የምበላውን ሽምብራ ቆልተው ይጠብቁኝ ነበር። ከፍትፍቱ ፊቱ ማለት እንደዚያ ነው። ከተዝካሩ ንግግር ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ እንዳይቀር አደራ።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲወሰድ እሳቸውም ሄዱ። ከእሳቸው ቀድመው በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል የወጡ ዘመዶች ነበሯቸው። በእግር መንገዱና በስደተኛ ሰፈሩ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው። ልጆቹን እዚያ ውሰጃቸው።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም። እነዚያ ልጆች ወለቃን ካልናፈቁ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ያሳወቃቸው የለም። የምታሳውቂበት ቀን ግን አለ፤ የቤተ እስራኤሎች በዓል ስግድ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የእስራኤል በዓል ሆኗል። ቄሶቹ ወደሚጸልዩበት ስትወጡ፣ አያቶቻቸው በጎንደር ጾመው ተራራ ይወጡ እንደነበር፣ ኦሪቱ ሲነበብ ሰምተው ወርደው አብረው ይበሉ እንደነበር መንገድ ላይ ንገሪያቸው። በዓሉ ለፎቶ ብቻ እንዳይሆን።

የአያትሽ ታናሽ እህት በሕይወት አሉ ብለሽኛል። ደግ አይበረክትም፤ ከተዝካሩ በፊት ሂጂ። ቡና አፍይላቸው። ስለ ሱዳኑ መንገድ አትጀምሪባቸው፣ ያ ቁስል ነው። ስለ ጭቃው ጀምሪ፤ አፈሩን ከየት ይቆፍሩ እንደነበር፣ ማን ይሸከምላቸው እንደነበር ጠይቂያቸው። ሌላውን ራሳቸው ያመጡታል። ከፈቀዱልሽ ድምፃቸውን በስልክሽ ቅጂና ለእኔም ላኪልኝ።